የደጃፉ ድንጋይና የመምህርት እታገኘሁ ቅዳሜዎች

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.። በመምህርት እታገኘሁ የመጨረሻ ደብተር ከዚህ ቀን በታች ዐሥራ ሁለት የልጆች ስሞች ተጽፈዋል። በዐሥራ አንዱ አንጻር የተነገረው ነገርና የሰማው ወላጅ ስም አለ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ «ማርያማዊት፦ በዚህ ሳምንት እጇን» ይልና ያቆማል። አራት ነጥብ እንኳ የለውም።

እታገኘሁ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወይራ አምባ በምትባል መንደር ካለችው ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ዐሥራ አራት ዓመት አስተማረች። ሁልጊዜ የያዘችው አንደኛ ክፍልን ነው። ከፍ ያለ ክፍል እንድትይዝ ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ሁለቱንም ጊዜ እንቢ ብላለች። የተረፉት ደብተሮቿ ሃያ ሦስት ናቸው፤ የ1992ቱን በክረምት ጣሪያው አፍስሶበት ባያጠፋው ሃያ አራት ይሆኑ ነበር።

በ1987 ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ ስትመጣ ደንቡ አጭር ነበር። የውጤት ካርድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዱ በጥር መጨረሻ፣ አንዱ በሰኔ። ከዚያ ውጭ ወላጅ የትምህርት ቤቱን አጥር የሚያልፈው ልጁ ተደባድቦ ወይም መስኮት ሰብሮ ሲጠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ምንም ወሬ ያልመጣበት ቤት «ተመስገን» ይላል። እታገኘሁን ይህ አልገረማትም፤ እሷም ያደገችው እንዲሁ ነው።

በ1989 ከክፍሏ የኋላ ወንበር ላይ ፋና አረጋ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ትቀመጥ ነበር። ቃል ሲነገራት ትይዛለች፤ ከሰሌዳ የገለበጠችው ግን ሁሉ ተዛብቶ ይወጣል። ኅዳር ላይ ነገሩ ለእታገኘሁ ተገለጠላት፤ ልጅቱ ሰሌዳውን አጥርታ አታይም። ወደ ፊት ልታመጣት አሰበች። ግን ክፍሉ ሃምሳ ስምንት ልጅ ነበረው፤ የፊት ወንበሮች ለአጫጭሮቹ ተሰጥተዋል፤ ፋና ደግሞ መለሎ ናት። ዛሬ ነገ ሲባል ቦታዋ የተቀየረው በጥር ሆነ፣ ፈተናው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ። ካርዱ ላይ ከ58 ልጆች 51ኛ ተብሎ ተጻፈ። ከፈተናው በኋላ በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ልጅቱ ማንበብ ጀመረች። ይህንን ግን ለቤተሰቧ የነገረ ሰው የለም። የሚቀጥለው ካርድ የሰኔ ነው።

በየካቲት መጀመሪያ ፋና ከትምህርት ቤት ቀረች። ጎረቤቷ ውባንቺ ስትጠየቅ፣ አባትየው ካርዱን በዲያቆን አስነብበው «ይህስ ለእሷም ለእኔም ድካም ነው» እንዳሉና ከእንግዲህ እንደማትመጣ ተናገረች።

እታገኘሁ ለርእሰ መምህሩ ለአቶ ከፋለ ነገረቻቸው። እሳቸውም አቶ አረጋ ሰኞ የካቲት 10 ቀን ጠዋት በትምህርት ቤቱ እንዲገኙ የሚል ወረቀት ጻፉ። ማኅተም ይምቱበት ያለችው እሷ ናት። ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል ብላ ነው። ስሕተቷ እዚህ ላይ ነበር። በአያ አረጋ ቤት ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዚያ በፊት የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የድንበር ክስ ነው። ወረቀቱ አርብ ደረሳቸው። ከአርብ እስከ እሑድ ልጅቱን ምን እንዳጠፋች ሲመረምሯት ከረሙ።

ሰኞ ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ አያ አረጋ ትልቅ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው በዳገቱ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹም ኋላ ፋና ትከተላለች። በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» እስኪል ድንጋዩ አይወርድም።

አንደኛው ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ልጅ አጥፍታለች፤ አባት ተሸክሟል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሯት» አሉ።

«ምን አጠፋች?» አለች እታገኘሁ።

አያ አረጋ ከድንጋዩ ሥር ሆነው፣ «ያንን የሰሌዳ መጥረጊያ ሰብራለች። ሁለት ቀን ካደች፤ በሦስተኛው አመነች። ምትክ የሚሆን እንጨት ጠርቤ ይዣለሁ» ሲሉ መለሱ።

ዳስተሩ በእታገኘሁ እጅ ላይ ነበር፤ ደኅና ነው። ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ከተሰለፉት ልጆች መሐል ሳቅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ፋና ማልቀስ ጀመረች። እታገኘሁ ድንጋዩን እንዲያወርዱላቸው ብትለምን፣ ይቅር ሳይባል እንዴት ተደርጎ አሏት። ጥፋት የለም ብትል ደግሞ፣ ጥፋት ከሌለ ማኅተሙ ምንድን ነው አሏት። በመጨረሻ ስላልተሰበረው ዳስተር «ይቅር ብያለሁ» አለችና ድንጋዩ ወረደ።

ከዚያ ፋናን ጠርታ መጽሐፉን ሰጠቻት። ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መጽሐፉን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና፣ «ላሟ ጥጃዋን ላሰች። ጥጃዋ ወደ ሜዳ ሮጠች» ብላ አነበበች።

አያ አረጋ በተሸከሙት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ሁለተኛው ሽማግሌ ተጠራጥረው፣ በቃሏ ይዛው እንዳይሆን ሌላ ገጽ ይገለጥላት አሉ። ተገለጠላት፤ እሱንም እየተንገዳገደች አነበበችው።

«መምህርት» አሉ አያ አረጋ፣ «ይህንን ለማብሰር ነው ማኅተም የመታችሁብኝ? እኔ እኮ ከአርብ ጀምሮ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም።»

እታገኘሁ ሳቀች፤ ከዚያም ስለ ልጅቱ ዓይን፣ ስለ ኋላው ወንበርና ስለ ፈተናው አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አያ አረጋ አቋርጠው፣ «ዓይኗን መቼ ነው ያወቁት?» አሉ።

«በኅዳር።»

«ላሜ ብትታመም፣ እረኛው በኅዳር አይቶ በየካቲት ቢነግረኝ ምን ልበለው?»

ጥያቄውን የዚያን ዕለት በደብተር ጻፈችው፤ የመጀመሪያው ደብተር የሚጀምረው በእሱ ነው። ፋና በዚያው ሰዓት ክፍል ገባች። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ምን እናድርገው ሲሉ አያ አረጋ፣ «ስመጣ በጥፋት ተሸከምኩት፤ ስመለስ በምን ልሸከመው?» ብለው ከደጃፉ አጠገብ ተዉት።

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። የአካባቢው ሰው ገብሱን ባቄላውን በአህያ ጭኖ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ማለፉ አይቀርም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እታገኘሁ በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ላለፈው ወላጅ ሁሉ ስለ ልጁ ያየችውን ነገረች። መጀመሪያ ላይ አብዝታዋለች። በየሳምንቱ፣ ለሁሉም፣ መንገደኛ እየሰማ። ሽታዬ የምትባል እናት ከአንድ ወር በኋላ ወደ ድንጋዩ ቀርባ፣ «መምህርት፣ አይቀየሙኝ። ቅዳሜ ሲነጋ ልጄን ሆዷን ይቆርጣታል» አለቻት። ሲጠየቅ፣ ደካማ ወሬ በሰሙ ቤቶች ከገበያ መልስ ልጆች ይገረፉ ኖሯል። ሳምንት ደግሞ ለልጅ አጭር ነው፤ የወደቀው ሳይነሣ ሌላ ቅዳሜ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለሁለት ከፈለችው። ለእያንዳንዱ ቤት በየሁለት ቅዳሜው አንድ ጊዜ ትነግራለች፤ ወላጁን ከአህያው ጎን እየሸኘች፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት። ሕመምና ድንገተኛ ነገር ቅዳሜን አይጠብቅም፤ ያኑ ዕለት ይላካል። የምትናገረው ነገር ከሌላት «እንዳለ ነው» ብላ ትሰናበታለች እንጂ ወሬ አትፈጥርም። እንዲያም ሆኖ የማይጠግብ አልጠፋም። አቶ ወንዴ የሚባሉ አባት በየጠዋቱ ልጃቸውን አድርሰው «ትናንትስ?» ይሏት ነበር። አንድ ቀን፣ «አቶ ወንዴ፣ ገብስ ዘርተው በማግስቱ አፈሩን እየጫሩ ያያሉ?» አለቻቸው። ወንዴ አላይም አሉ፤ ግን እስከ ሰኔ መጠየቃቸውን አልተዉም።

አቶ ከፋለ ነገሩን አልወደዱትም። ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀው ሁለት ካርድና አንድ የወላጆች ቀን እንደሆነ፣ ቅዳሜም የእረፍት ቀን እንደሆነ ነገሯት። እሷ ግን በሚቀጥለውም ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። በ1991 የአቶ ከፋለ የራሳቸው ልጅ አንደኛ ክፍል ገባች። በሁለተኛው ቅዳሜ እሳቸው በደጃፉ ሲንጎራደዱ ቆይተው፣ «የእኛ ተራ ዛሬ ነው ወይስ በሚመጣው?» ብለው ጠየቋት። የሚመጣው ነው አለቻቸው፤ ጠበቁ።

ደብተሮቹ ውስጥ የሕዝቡ ምስጋና የለም። አትጽፈውም ነበር። የሚታወቀው በዓይን ከታየው ነው። በ1990 ክረምት ሳይገባ ወላጆች ከድንጋዩ በላይ የሣር ዳስ ሠሩላት፤ በየዓመቱም ያድሱታል። የሽታዬ ልጅ ጽሕፈት ስትችል መጀመሪያ የጻፈችው የእታገኘሁን ስም ነው። አያ አረጋ ደግሞ ፋና አራተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ላሊበላ ትምህርት ቤት ከተዛወረች በኋላም በየሁለት ቅዳሜው ከድንጋዩ አጠገብ መቆማቸውን አላቋረጡም።

በ2000 እታገኘሁ ልቧን ታመመች። ዳገት ያደክማታል። ሐኪም እንድታርፍ መከራት፤ እሷ ግን ደብተሩን ይዛ ድንጋዩ ላይ ከመቀመጥ የበለጠ እረፍት አላገኘችም። በዚያ ዓመት አያ አረጋ አንድ ቅዳሜ መጥተው፣ «ዛሬ የርስዎን ልንሰማ ነው የመጣነው» አሉ። ከኋላቸው ስድስት ወላጆች ቆመው ነበር።

«ምኔን?»

«እንዴት እንዳደሩ። ሲተነፍሱ ይከብድዎታል ወይ። በየሁለት ሳምንቱ ይነግሩናል፤ ካርድ አንጠብቅም።»

እታገኘሁም እንደ ልጆቹ ወሬ ያለውን እንዳለ ነገረቻቸው፤ እንቅልፍ እንደማታገኝ፣ ግራ እጇ እንደሚደነዝዛት። በመጨረሻ፣ «አያ አረጋ፣ እኔ ነኝ እርስዎን ማመስገን የሚገባኝ» አለች። አያ አረጋ፣ «ድንጋዩን ነዋ» አሉና አህያቸውን ነዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደብተሩ ኅዳግ ላይ በየሁለት ቅዳሜው በትንንሽ ፊደል «እኔ፦ እንዳለ ነው» የሚል አለ።

ሰኞ ግንቦት 10 ጠዋት ደወሉ ሳይደወል፣ በቤቷ፣ አልጋዋ ላይ አረፈች። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። ደብተሮቹን የወሰደችው ፋና ናት፤ ያኔ ደሴ ካለው ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፤ ለቀብር አልደረሰችም፣ ለሰባተኛው ቀን ነው የደረሰችው። ያልተጨረሰውን መስመር ያየችውም እሷ ናት። የማርያማዊት እናት አሰለች በዚያ ሰሞን ወልዳ ስለነበረ ገበያ አልወጣችም። ስለዚህ ፋና ወሬው ሳይደርስ የቀረ መስሏት፣ መስመሩን እንዳለ ልታነብላት ወደ አሰለች ቤት ሄደች።

አሰለች ግን ሰምታ ነበር። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ የገበያው ሰው ሲመለስ፣ እታገኘሁ መጻፉን አቋርጣ ተነሣች፤ በዳገቱ ሦስት ጊዜ እያረፈች እስከ አሰለች ቤት ደረሰች። በር ላይ ቆማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች። ግቢ ብትባል ትንፋሽዋ እስኪመለስ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ውኃ ጠጣች። ሕፃኑን ታቅፋ አየች። ከዚያም ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ ድምጿ ያልተሰማው ማርያማዊት፣ በዚህ ሳምንት እጇን አውጥታ፣ ሳትጠራ፣ ቆማ እንደመለሰች ነገረቻት። አሰለች ምን መለሰች ብላ ጠየቀች። «ሰባት ብላ» አለች እታገኘሁ፤ «ትክክል ነው።» ጣሳውን መለሰችና ወደ ቤቷ ወረደች።