ከዘጠና ስድስት አያልፍም

የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አልኮልን ከውሃ ሲያነጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ረጅሙ የብርጭቆ ማንጠሪያ ለኮምፒውተሮች ቦታ ይልቀቅ ተብሎ ሲፈታ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ዕቃ ግምጃ ቤት ያስገቡት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ኮምፒውተር ማብራትና ማጥፋት ሆነ።

ደማቸውን ያፈላው ግን የእህታቸው ልጅ የፈተና ወረቀት ነው። ልጅቱ በቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት፣ ማንጠሩ በኮምፒውተር በሚሰላበት የሲሙሌሽን ፈተና ላይ፣ አልኮሉ እዚያ ሲደርስ ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚተን ከዘጠና ስድስት በመቶ በላይ እንደማይጠራ አሳይታ ዜሮ ተሰጣት። አርባ የክፍል ጓደኞቿ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚያቀርበውን ስሌት፣ አልኮልንና ውሃን ሰላምታ እንኳ እንደማይለዋወጡ ጎረቤቶች የሚቆጥረውን፣ እንዳለ ተቀብለው ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ጻፉና አለፉ። ዜሮው ካልተነሣላት ዓመቱን ትደግማለች።

«ኮምፒውተሩ ያለው ይኸው ነው፣ ጋሼ» አለ ዜሮውን የሰጣት ወጣት መምህር፣ ሽማግሌው ሊሟገቱት ሲሄዱ። «እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፈተና አራሚ የሆኑት?»

«ተማሪ ሳለህ የጋለ ቧንቧ ጨብጠህ ስትጮህ፣ እጅህን በረዶ ውስጥ ከነከርኩልህ ወዲህ!»

በማግስቱ ማንጠሪያውን አውጥተው ገጠሙት። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ለማንም ሳይተነፍሱ ሲያነጥሩ ዋሉ። የአልኮል መለኪያው ዘጠና ስድስት ላይ ቆመ። ደግመው አነጠሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ጠርተውት የመጣው መምህር ጎንበስ ብሎ አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እሺ፣ የልጅቱን ነጥብ አስተካክላለሁ። ሌላው ግን እዚሁ ይቅር። የአርባ ሰው ውጤት ብገለብጥ ምን እባላለሁ? ካወሩ ዜሮው ባለበት ይጸናል።»

ሽማግሌው ቱግ አሉ። «ዓይንህን በጨው አጥበህ! እነዚህ ልጆች ነገ ፋብሪካ ሊያቆሙ ነው እኮ! የማይወጣውን ይወጣል ብለው...» የእህታቸውን ልጅ ዓመት በገዛ አፋቸው ሊያቃጥሉት መሆኑ ታወሳቸውና ንግግራቸው መሀል ላይ ተቆረጠ። የነጠረው አልኮል ያለበት ብርጭቆ በእጃቸው ነበር።

ልጅቱ ጥግ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ነበር።

«አጎቴ፣ ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ ዜሮው...»

«ዜሮው የኔ አይደል? ምን እንደማደርገው እኔ ዐውቃለሁ።»

ብርጭቆውን ከነመለኪያው ተቀብላ፣ መምህሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አርባዎቹ ጓደኞቿ ወደተቀመጡበት የኮምፒውተር ክፍል ገባች። «ስክሪኑን ተዉትና ይህን አንብቡ!» ስትል ኮሪደሩ አስተጋባ። ወንበሮች ተንኳኩ። መምህሩ ሊከተላት ሲል ቴክኒሻኑ ቀድመውት በሩ ላይ ቆሙ።