ከጌጫ የመጡት ደንበኛዬ

ቴፒ ከተማ የልብስ ስፌት ሱቅ ስከፍት እጄ ጥሩ ነበር፤ ምላሴ ግን ይቀድመው ነበር። ማንም «መቼ ይደርሳል?» ካለኝ መልሴ አንድ ነው፤ «ነገ።» ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው። በማግስቱ ሲመጣ ደግሞ «መብራት ጠፍቶ እኮ ነው» እላለሁ። ማሽኔ በእግር የምትረገጥ መሆኗን ሁሉም ያያል፤ ግን ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል።

አንዲት እናት ዝም አላሉም። ከጌጫ ድረስ መጥተው ለልጃቸው ሠርግ የሚለብሱትን ቀሚስ አዘዙኝ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን መለስኳቸው። በሦስተኛው ምሳቸውን ቋጥረው መጡና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ነገ ቢመጡ…»

«ነገ ያልከኝ ዛሬ ነው ልጄ። ስፋ፤ እኔ አልረብሽህም።»

ረበሹኝ እንጂ! አንድ መምህር ሱሪ ሊያሰፋ ገብቶ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ ያንን የጨርቅ ክምር ታየዋለህ? ያ ሁሉ ካንተ በፊት ነው። ዓርብ ና» አሉት።

ጨርቁን ይዞ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ሳቀ። «እውነቱን የሚነግረኝ አጥቼ እኮ ነው! በሉ ዓርብ እመጣለሁ» ብሎ ተለካ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ለአምስት ደንበኛ የየራሳቸውን ቀን ደለደሉልኝ። አንድም ሰው አልሄደብኝም። እንዲያውም አንዷ ሙዝ ገዝታ መጣች፤ ለእሳቸው እንጂ ለእኔ አይደለም።

አሥር ሰዓት ላይ ቀሚሱ አለቀ። ስፌቱን ገልብጠው መረመሩና፣ «እጅህስ ወርቅ ነው። አፍህን ነበር መስፋት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም የምነግረውን ቀን ጽፌ እይዛለሁ። ካልደረሰልኝ በዋዜማው እደውላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስልክ አንስቶ «አልደረሰም» ማለት ጥርስ እንደመነቀል ነበር። ሰው ግን አልተቆጣም፤ መንገዱን ስላተረፍኩለት አመሰገነኝ።

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ጌጫ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ እማማ እህቶቻቸው ዘንድ ወሰዱኝና፣ «ያ ውሸታም ልብስ ሰፊ ይኸውላችሁ! አሁን ተሽሎታል» ብለው አስተዋወቁኝ። ሴቶቹ ተሳሳቁና «በል ለካን» አሉኝ። ሜትሬን ቤት ትቼዋለሁ። ከድንኳኑ የተረፈ ገመድ ሰጡኝ፤ በየልኩ ቋጠሮ እያደረግሁ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘብኝ፣ ስድስት ሴቶች ለካሁ።