ጽጌ የምታርፍበት ደረጃ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቤታችን ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አብራን የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት ጽጌ ደግሞ ልቧ ከልጅነቷ የታመመ ስለነበር ያንን ሁሉ ደረጃ በአንድ ጊዜ መውጣት አትችልም ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ከምትሠራበት ኬክ ቤት ስትመለስ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ታች እንጠብቃታለን። አንደኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ተረቱ ይጀመራል። ሁለተኛው ላይ ይቀጥላል። ሦስተኛው ላይ ብዙ ታርፋለች፣ ተረቱም የሚከፋው እዚያ ነው። የእኛ በር ጋ ሳንደርስ ማለቅ ነበረበት፤ እናቴ የጽጌን ተረቶች አትወዳቸውም።

ያኔ መብራት እንደፈለገው ይሄድ ነበርና ጎረቤቶች በየበራቸው ከሰል ሲያያይዙ ደረጃው በጭስና በሽንኩርት ቁሌት ይታፈናል፤ ጽጌ የስልኳን መብራት ጭኗ ላይ ታስቀምጥና፣ ፊቷ ከታች ወደ ላይ እየበራ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ክሬም እየላሰች ትተርትልናለች። በሌላ ሰው ተረት ውስጥ ጅብ ይሞኛል፣ ልጆች ይስቃሉ። የጽጌ ጅብ አይሞኝም። የበላውን በልቶ ይሄዳል። ወንድሜ «ከዚያስ ተመለሰ?» ሲላት «የሞተ አይመለስም የኔ ጌታ» ትለውና ፀጉሩን ታሻሸዋለች። ሃያዎቹን ገና ያላጋመሰች ልጅ ነበረች። ከእናቴ አስበልጬ እወዳት ነበር፤ ይህን እናቴም ታውቃለች።

ከሁሉም ያልረሳሁት የፍየሏን ነው። ጅብ ግልገሏን በላባት። ጎረቤቶቿ፣ በጓም ላሟም አህያዋም፣ አዘኑላትና «ራቅ ያለ መስክ ሄዶ ነው፣ ይመጣል» አሏት። ፍየሏም ወተቷን ያዘችለት። ጡቷ አበጠ፣ ጠጠረ፣ አመረቀዘ። ጎረቤቶቿ በየቀኑ እየመጡ «ዛሬማ ደህና ነሽ» ይሏታል፣ ዞር ብለው ያለቅሳሉ።

«ታዲያ ማን ነገራት?» አልኳት።

«ማንም አልነገራትም።»

«እኔ ብሆን እነግራት ነበር።»

«ትጮህብሻለቻ።»

«ትጩህ።»

ጽጌ ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሽ አጠራትና እጄን ይዛ ቆየች፤ የዚያን ቀን አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብን።

የሞተችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከሥራ ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ ወደቀች፤ ሆስፒታል አልደረሰችም። በዚያው ሰሞን አብረውን የሚኖሩት አባቷ፣ አያቴ፣ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ነበር። አባባ ነው የምንላቸው። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላውም ብዙ አያይም። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ በተለይ ደግሞ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ መከረና ዓይናቸው እስኪድን መርዶው ይቆይ ተባለ። እሷን ቀበሯት፤ ለቅሶው ወሎ ሰፈር፣ አጎቴ ግቢ፣ ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰ። አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው «ጽጌ ምነው ቀረች?» ሲሉ፣ ኬክ ቤቱ አዳማ ቅርንጫፍ ከፍቶ ወደዚያ ላካት ተባሉ። ለእኛ ለልጆቹም የተነገረን ይኸው ነው። «አልደወለችም?» ሲሉ «ደውላ ነበር አባባ፤ እርስዎ ተኝተው ነው» ይሏቸዋል።

እኔ ያወቅኩት ደረጃው ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጽጌ የምታርፍበት ቦታ ላይ፣ እናቴና ሁለት ዘመዶቻችን ጥቁር ልብሳቸውን እያወለቁ ፌስታል ውስጥ ሲከቱ አየኋቸው። ፊታቸውን በጠርሙስ ውሃ ታጠቡ። እናቴ ከቦርሳዋ ቀይ ሻርፕ አውጥታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ፌስታሉን ከጎረቤት የአበባ ባልዲ ጀርባ ደበቀችና ፈገግታዋን አስተካክላ ወጣች። ጽጌ መሞቷ ያኔ ገባኝ። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ እውነቱን የምትነግረኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ጠያቂ ሁሉ ለአባባ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። አባባ ደህና ደህናውን በእጃቸው እየዳበሱ ይመርጡና ትራሳቸው ሥር ያስቀምጣሉ፤ ጽጌ ብርቱካን ትወዳለች። መበላሸት ሲጀምር እናቴ «አዳማ ለሚሄድ ሰው ሰጥተን እንልክላታለን» ብላ ወሰደችው። ኩሽና ውስጥ ልጣ ለእኔና ለወንድሜ ሰጠችን። «ብሉ፣ ይበላሻል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ወዲያው ወደ መኝታ ቤቱ ዞራ «ተልኮላታል፣ አባባ» አለች። ወንድሜ በላ። እኔ ፍየሏ ትዝ አለችኝና ድርሻዬን ይዤ ገባሁ።

የተላጠውን ብርቱካን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ ለጽጌ ያስቀመጡት ነው» አልኳቸው። «አልተላከም። ጽጌ ሞታለች፣ አባባ።»

ብርቱካኑን አንዴ ዳበሱት። ከዚያ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እናቴ ሮጣ ገብታ መጀመሪያ እኔን በጥፊ መታችኝ፣ አባቷን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። አባባ ገፍተዋት ተነሱ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ በሩን ከፈቱ፣ ደረጃውን ወረዱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጡ።

«ማን አፈር አለበሳት?» አሉ።

«ወንድሟ» አለች እናቴ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ?»

ፋሻቸው ረጥቦ ነበር።

ያ ዓይን ጠፋ። ሐኪሙ ቁስሉ አመርቅዞ ነው አለ፤ ዘመዶቼ ግን እኔን ነው ያሉት። እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር «አባባን ያሳወረች» የሚለኝ አንድ ሰው አይጠፋም። ይበሉ። የደበቅነው በፍቅር ነው ይላሉ፤ ውሸት አይደለም፣ በፍቅር ነው። በፍቅር አንድን አባት ከልጁ ቀብር አስቀሩት፣ ለሞተች ልጅ ብርቱካን አስመረጡት፣ የመረጠላትን ደግሞ ለእኛ አበሉን። በዚህ የሚያፍር ሰው ከመሃላቸው አላየሁም።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖሩም። በኖሩበት ጊዜ ግን አመሻሽ ላይ እጃቸውን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወርዳቸው ነበር፤ የጎረቤት ከሰል አጠገባችን እየፈመ «የልጄን ተረት ንገሪኝ» ይሉኛል። የፍየሏን እነግራቸዋለሁ፣ እንደ ጽጌ፣ ሳላሳምር። «ማንም አልነገራትም» ብዬ ስጨርስ ራሳቸውን ይነቀንቁና «ነገሯት እንጂ» ይላሉ። እያመሰገኑኝ ይሁን እየወቀሱኝ አንድ ቀንም አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቃቸው እውነቱን ይነግሩኝ ነበር፤ የጽጌ አባት ናቸው። የፈራሁት ያንን ነው።