ዳማ የምትቆምበት

የሻው ወሬ አይሰለቸውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በበቅሎው በዳማ እንግዳ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ሲያወጣ፣ አማርኛ የማይሰማውን ፈረንጅ ሳይቀር በጨዋታ ያደክመው ነበር። በ1998 ክረምት ቁልቁለቱ ላይ አዳልጦት በጀርባው ሲወድቅም መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «ምንም አልሆንኩም፤ ተነሥቻለሁ» የሚል ነው። ምኑን ተነሣው! ከወገቡ በታች ያለው አካሉ የሌላ ሰው ዕቃ መስሎት ነበር።

ደሴ ድረስ ወስደውት ሁለት ወር ተኛ። እዚያ እግሩን የሚያለማምደው ባለሙያ ሸዕባን ነገሩን ሳያሳምር ነገረው።

«ጋሽ የሻው፣ በአከርካሪዎ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጎዳ እንጂ ጨርሶ አልተበጠሰም። የተረፈው የተጎዳውን ሥራ ተክቶ መሥራት ሊለምድ ይችላል። የሚለምደው ግን ሲደጋግሙት ነው። እስከ ምን እንደሚመለስ እኔም አላውቅም።»

ላሊበላ ተመልሶ ደጋፊ ሲፈልግ ዳማን አገኘ። ድሮም ዳገት ሲወጣ ጭራዋን ይይዝ ነበር፤ እሷም አትራገጥበትም። ክራንቹን በአንድ እጁ፣ ጭራዋን በሌላው ይዞ ከቤቱ ጓሮ ሁለት እርምጃ፤ ከዚያ «ቁሚ እናቴ!» ሲያርፍ ትጠብቀዋለች፣ «ነይ እንሂድ» ሲላት ትሄዳለች። ኋላ ኋላማ ምን ያህል ሄዶ እንደሚደክመው ለምዳ፣ ሳይነግራት በራሷ መቆም ጀመረች።

ሚስቱ ሰብሌ ሲንገዳገድ ያየችው አንድ ቀን፣ ያውም መስከረም ላይ ነው። አንጀቷ አልችል ስላለ ዳግመኛ አላየችም፤ ማለዳ ተነሥታ ወደ እርሻ ትሄዳለች። ማታ «ተሻለኝ» ሲላት፣ «አንተ መቼ ሳይሻልህ ቀርቶ ያውቃል? አልጋ ላይ ተጋድመህም ተሽሎህ ነበር» ትለዋለች። ግንቦት ሲገባ ቁርጡን ነገረችው። ድርቆሹ አልቋል፤ ሥራ የፈታች በቅሎ ከመቀለብ መሸጥ ይሻላል።

የሻው ወጥቶ የዳማን አንገት ዳበሰ። ዳማ ከሄደች እግሩም አብሮ የሚሄድ መሰለው። እንዲያ ብሎ ቢነግራት ደግሞ ማን ያምነዋል?

ቅዳሜ ሰብሌ በዳማ ጀርባ ገበያ ወስዳ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ተክለ ሚካኤል የሚባል የኩልመስክ ሰው የዳማን ጥርስ አየ፣ ደስ አለው፣ አረማመዷን ሊሞክር ልጓሟን ይዞ ሄደ። ዳማ በርበሬ ተራን አለፈች፣ ጨው ተራን አለፈች፣ ሸክላ ተራ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሰውየው ቢጎትት፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ ወይ ፍንክች! አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ ታያለች።

«ምን ነካት?» ብሎ ጮኸ።

«እኔን እየጠበቀች ነው» አለ የሻው አፍሮ። «ይኼን ያህል ሄጄ ነው የማርፈው።»

ሰብሌ ከድንጋዩ እስከ በቅሎዋ ያለውን በዓይኗ ለካችው።

«ኧረ እመብርሃን! እስከ ሸክላ ተራ? ሳታርፍ?»

«ትናንትናማ ትንሽ አልፌ...»

አላስጨረሰችውም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ እየሳቀችም፣ በገበያተኛው መሀል ተጋፍታ ሄደችና ልጓሙን ከሰውየው እጅ ወሰደች።

«ይቅርታዎን ጌታዬ» አለችው። «አትሸጥም። ሥራ ላይ ናት።»