መሃሉ የተቀደደ የኮባ ቅጠል

ሞረድ ብረት ሲፍቅ የሚያወጣውን ድምፅ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ለዘገባ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ፣ ጎማ ልናሠራ በቆምንበት ጋራዥ አንድ ሰው የቸርኬ ቀዳዳ እየሞረደ ነበር። ሾፌራችን ሻይ እንጠጣ ሲለኝ አልሰማሁትም። በሐሳቤ ከሸኮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በነበረው ግቢያችን ቆሜ ነበር።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ቡና የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረችው፤ የእኛን መንገድ ጭቃ የምትደፍር መኪና እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ ሆዷን ከታመመች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ አይቷት፣ አንጀቷ ሳይታጠፍ አይቀርም፣ ነገ ሚዛን ሆስፒታል መድረስ አለባት ብሎ ሄደ። መኪናዋ ግን ድንጋይ ላይ ቆማለች። የአንዱ የኋላ ጎማ ብረት፣ ቸርኬው፣ ተሰንጥቋል፤ ተቀያሪውም ከዚያ በፊት ተሰብሯል።

ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። እስከ ዋናው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እናቴ እምቢ አለች። አያቴ ከዚያው ግቢ በቃሬዛ ወጥታ አልተመለሰችም። የአባቴን እጅ ይዛ፣ «በመኪናህ ውሰደኝ» አለችው። ሌላ ምንም አልለመነችውም።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ሰፊ የኮባ ቅጠል ቆረጠ። ካርቶን በዝናብ ይበጣጠሳል፤ ኮባ ግን ውሃ አይፈራም፤ ስለዚህ ልክ የምንወስደው በእሱ ነበር። ጎማው የወለቀበት ቦታ ላይ ቅጠሉን ተጭኖ ስድስቱን ብሎኖች በቅጠሉ አሳለፋቸው። ከመሃል ብቅ ያለውን ወፍራም ብረት ተከትሎ በቢላ ክብ ቆረጠ። የግራሶ ሽታ ከእርጥብ ቅጠል ሽታ ጋር ተቀላቀለ።

«መሃሉን እንዳትረሳ» አለኝ። «ስድስቱ ቢገቡም መሃሉ ከጠበበ ቸርኬው አይቀመጥም።»

ቸርኬ ልገዛ ወደ ዋናው መንገድ ሮጬ ወረድኩና ወደ ቴፒ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ በቡና ጆንያ መሃል ተሳፈርኩ። ስወርድ ቅጠሉ ከመሃሉ ክብ እስከ ጠርዙ ተቀዶ አገኘሁት። ስድስቱ ቀዳዳዎች ደህና ነበሩ።

የቴፒ ሙቀት ገና በጠዋቱ ያፍን ነበር። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ጣፋጭም የጎመዘዘም ይሸታል። አሮጌ ቸርኬ ከነጎማው የሚሸጡት ሰውዬ ከቆርቆሮ መጠለያቸው አንድ በአንድ አወጡልኝ። ሦስቱ አልሆኑም። በአራተኛው ላይ ስድስቱም ቀዳዳዎች ልክ መጡ። መሃሉን አየሁት፤ የተቀደደው ቅጠል ግን ይሰፋል፣ ይጠባል። የሚመልሰኝ መኪና ጡሩምባ ይነፋል።

«አንተ ልጅ፣ ስድስቱም ገቡ» አሉኝ። «ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?»

ስቄ ወሰድኩት።

ጎማውን በጭቃው ዳገት እያንከባለልኩ ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። አባቴ አንስቶ ገጠመው። ብሎኖቹ የቀዳዳዎቹን አፍ ነክተው ቆሙ። መሃሉ የአንድ ሚስማር ውፍረት ያህል ጠቦ ነበር። አባቴ በእጄ የያዝኩትን ቅጠል አየ። ሞረዱን አነሳ።

ቃሬዛውን ያመጡት ሰዎች ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አንዱ፣ «ወንድሜ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው» አለው። አባቴ ትንሽ ነው የቀረው አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ይህንኑ አለ። ጣቶቹ ደምተው ነበር። ልቀበልህ ስለው በክርኑ ገፋኝ። ወደ ቤት ገብቼ የእናቴን ግንባር ስጠርግ፣ የሚፋቀው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሊያልቅ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ሞረዱ በቆመ ቁጥር ዓይኗን ትገልጥ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ላይ ገባ። ቸርኬው በትክክል ስላልተቀመጠ መኪናዋ እስከ ሚዛን ድረስ ትንቀጠቀጥ ነበር። የእናቴ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ጅረት ስንሻገር፣ ስንንሸራተት፣ እንደገና ስንሻገር አታቃስትም፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር። አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ያመጣኸው ነው አይደል? እየሄደ ነው እኮ» አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ለምን እንደዘገየን ጠየቀ። አባቴ የብረት ብናኝ የተጣበቀባቸውን እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።

«ልኩን እኔ ነኝ አሳስቼ የላክሁት» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ አባቴ ያንኑ ደገመ፦ ልኩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። እሱም እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን ስለዚያ ቅጠል አላነሳብኝም።

ሥራዬ የሰውን ቃል ማጣራት ነው፤ የብዙ ሰው ስሕተት አርሜያለሁ። ያቺን የአባቴን ቃል ግን፣ እሱ በሕይወት እያለ፣ ለአንድ ሰው እንኳ አላረምኩም።