የላቀው ቀይ ዓሣዎች

አቶ ላቀውን በደንብ አላውቃቸውም። ደባርቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል በአንድ መንገድ ስንመላለስ ኖረናል፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርነው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሦስቱም በዚህ በ2009 ዓ.ም.። ስለዚህ ከምጽፈው ግማሹን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ግማሹን የነገረችኝ ሲሲ ናት። ሲሲ እኔ በምኖርበት ግቢ ከታናሽ እኅቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረች የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ያዛባሁት ነገር ካለ የእኔ ጥፋት ነው።

አቶ ላቀው የዳባት ሰው ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ልጃቸውን ዳዊት አስደገሟቸው፣ ቀለም መበጥበጥም አስተማሯቸው፤ ጥቁሩን ለጽሑፉ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም። ላቀው ግን በትምህርቱ አልገፉም። ደባርቅ መጥተው ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አትክልተኛ ሆነው ተቀጠሩ።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ስጦታ በ2000 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመስታወት ገንዳና ስድስት ቀያይ ዓሣዎች አመጡ። ገንዳው የእንግዳ መቀበያው አጠገብ ተቀመጠ። ሻጩ የደባርቅ ብርድ አይገድላቸውም ብሎ ነበር፤ እውነትም አልገደላቸውም። ነገር ግን አብሮ የመጣው የታሸገ ምግብ አልቆ የዳቦ ፍርፋሪ ብቻ ሲጣልላቸው ቅላታቸው እየለቀቀ ሄደ። በመጀመሪያ ብርቱካን መሰሉ፤ ቆይተው ገረጡ፤ በስድስተኛው ወር ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ ሆኑ።

ወይዘሮ ስጦታ የታመሙ መስሏቸው ለሻጩ ደወሉ፤ ስልኩንም ለላቀው ሰጧቸው። ሻጩ ሕመም አይደለም አለ። ዓሣ ይህን ቅላት ራሱ አይሠራውም፤ የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ካሮት፣ የእንቁላል አስኳል፣ የማያቃጥል ቀይ በርበሬ ስጧቸው፤ ሁለት ወር ታገሡ አላቸው።

ላቀው የዓሣ ምግብ መሥራት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ካሮቱን ቀቅለው ያደቁታል። ዛላ በርበሬውን አንድ በአንድ መርጠው፣ ፍሬውንና ጅማቱን አውጥተው፣ ቆዳውን ብቻ አድርቀው ይወቅጡና በወንፊት ይነፉታል። ጨው የለበትም፤ ቅመምም የለበትም። ሁሉንም ከአስኳል ጋር ለውሰው በጥፍራቸው ጫፍ እየቆነጠሩ ይጥላሉ። ካሮት ብቻ ሲበሉ ወደ ቢጫ እንደሚያደሉ፣ አስኳል ሲበዛ ውኃው እንደሚደፈርስ፣ በርበሬው ግን ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ ሲሰጥ እንደሚያቀላ ለይተው አወቁ። በሰባተኛው ሳምንት የዓሣዎቹ ጀርባ ፍም መሰለ። እንግዶች በስሜን ተራሮች ካለው ከጨነቅ ሰፈር አቧራ ለብሰው ሲመለሱ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ገንዳውን ፎቶ ያነሡ ነበር።

«የአባቴ ቀይ ብራናው ላይ ከደረቀ ደረቀ ነው፤» አሉኝ አቶ ላቀው። «ይኸኛው ግን ምግቡን ካቋረጥክበት ጥሎህ ይሄዳል።»

ወጥ ቤት ውስጥ ይቀለድባቸው ነበር።

«አያ ላቀው፣ ዛሬ ለልጆችህ ምን ልሥራላቸው?» ትላቸዋለች ሲሲ። «ቀይ ወጥ ነው አልጫ?»

«አልጫውንማ አየነው፤ ገርጥተው አንቺን መሰሉ።»

«እኔን ቢመስሉ ምን ነበረበት? ባል በባል ይሆኑ ነበር!»

በ2002 ዓ.ም. ጥር ላይ የአቶ ላቀው ወንድም ዳባት ውስጥ ሞተ። አርባው እስኪወጣ እዚያው ቆዩ፤ ከዚያም የሟቹን ቤት ነገር ሲያስተካክሉ ሌላ ሳምንት ጨመሩ። ሁዳዴ ተጋምሶ ሲመለሱ ዓሣዎቹ እንደገና ነጥተው ጠበቋቸው። አስተናጋጆቹ ከፍርፋሪ በቀር የሰጧቸው ነገር አልነበረም።

ወይዘሮ ስጦታ ገንዳው አጠገብ ጠሯቸው።

«ላቀው፣ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የአስጎብኚ ድርጅት ሰዎች ይመጣሉ። እንግዳ ወደኔ ይላኩ አይላኩ ሊወስኑ ነው የሚመጡት። እነዚህን ነጫጭ ነገሮች ላሳያቸው?»

«እትዬ፣ ሁለት ወር እኮ ይፈልጋል።»

«ሁለት ወር የለኝም፤ ያለኝ አራት ቀን ነው። አትክልቱን እንደሆነ ማንም ያጠጣዋል። አንተን ያቆየሁህ ለነዚህ ነው።»

አቶ ላቀው ያኔ አርባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ የወንድማቸው ልጆችም እጃቸው ላይ ወድቀዋል። አራት ቀን እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ምግቡን ቢያበዙት ጥቂት ቅላት ይታይ ይሆናል ብለው አሰቡ። ሐሙስ ጧት ወጥ ቤት ገቡ።

መደርደሪያው ላይ ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ ያለው የእሳቸው ንጹሕ በርበሬ ነው፤ በሌላው ያለው ጨውና ቅመም የገባበት የወጥ በርበሬ። እሳቸው የለጠፉት ወረቀት በሌሉበት ተገንጥሎ ጠፍቷል። ሁለቱንም አሸተቱ። አንድ ላይ ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጎን ስለከረሙ ሁለቱም የሚሸቱት ያንኑ ነው፤ በዚያ ላይ የመንገዱ ብርድ ጉንፋን አስይዟቸዋል።

«ሲሲ፣ የእኔ የትኛው ነው?»

«እንጃ አያ ላቀው፤ ቅመሰውና ለይ።»

«በጾም? ሳይቀደስ? አንቺ ቅመሽው።»

«እኔስ ያልተጠመቅሁ ነኝ?»

«እንግዲያስ ከፈረንጆቹ አንዱን አቅምሺልኝ።»

«ሲያቃጥለው ክሱን ማን ይችልልኛል!»

ሁለቱም ሳቁ። ሲሲ ሳቋን ስትጨርስ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ጠብቅ። ከቅዳሴ ስመለስ እኔው ቀምሼ እለይልሃለሁ፤» አለቻቸው። ይህን ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ዓይነት አድርገው ነው። አቶ ላቀው ሁለቱን ጣሳዎች ከመደርደሪያው አውርደው መስኮቱ ዘንድ ወሰዱ፣ በብርሃን አስተያዩ፣ ይበልጥ የቀላውን መረጡ። «ጠብቅ ብዬሃለሁ!» ብላ ከኋላቸው ጠራቻቸው። አልጠበቁም። ከወትሮው እጥፍ አድርገው ለወሱት፤ ዓሣዎቹም ርቧቸው ስለነበር ተሻሙበት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቅዳሴ ሲወጣ አቶ ላቀው ተመልሰው መጥተው ከዚያው ጣሳ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱ። ጨው ነው። ወደ ገንዳው ሮጠው ሲደርሱ ውኃው ደፍርሶ፣ ላዩ ላይ ቀይ ቅባት ተንሳፍፎ፣ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ ሲከፍቱ አገኟቸው። ውኃውን እስኪመሽ ቀየሩት። ዓርብ ሦስቱ በጀርባቸው ተንሳፈፉ። ቅዳሜ ጧት እንግዶቹ ሳይደርሱ ስድስቱም አልቀው ነበር። የገደላቸው ጨዉ ይሁን፣ ቅመሙ ይሁን፣ የተበላሸው ውኃ ይሁን እኔ አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም።

ወይዘሮ ስጦታ ወጥ ቤት ገብተው ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጠየቁ።

«ይህን በርበሬ ማን ነው የሰጠህ?»

«ሲሲ ናት የሰጠችኝ፤» አሉ አቶ ላቀው።

ሲሲ የቀረውን እስኪናገሩ ጠበቀች። «አያ ላቀው፣ ጨርሰዋ!» አለች። አልጨረሱም። እሷ ልትናገር ብትሞክር ወይዘሮ ስጦታ አላስጨረሷትም። በዚያው ዕለት ሽርጧን አስረክባ ወጣች።

በሳምንቱ ድስቶቿን በኬሻ እየጠቀለለች ነገረችኝ። አላለቀሰችም። ጨነቅ ወጥታ ለበቅሎ ነጂዎች ልታበስል ነው። ብርዱ ለእኅቷ አይሆንም፣ ደባርቅም የሚያስቀምጣት የለም፤ ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው እኅቷ ዓመቱን ሳትጨርስ ወደ በየዳ፣ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ወደ ትምህርት መመለሷን አልሰማሁም። እኔም በዚያን ጊዜ ሆቴሉ ሄጄ የሰማሁትን መናገር እችል ነበር፤ የማያገባኝ መስሎኝ ተውሁት።

አቶ ላቀው እስካሁን በዚያው ሆቴል አትክልተኛ ናቸው። ሌላ ዓሣ አልመጣም። ያለፈው ሳምንት አጥሩ ዳር ጽጌረዳ ሲገርዙ አገኘኋቸውና ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የጣሳዎቹን፣ የመስኮቱን፣ የቀመሱትን ጨው ነገር ሳልጎተጉታቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ጠብቅ መባላቸውን እንኳ አልደበቁም። ከሰው ጋር መጣላት የማልወድ ሰው ብሆንም አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«አቶ ላቀው፣ ጣሳውን የመረጡት አንቱ ነዎት። ታዲያ ለወይዘሮ ስጦታ ‹ሲሲ ናት የሰጠችኝ› ያሏቸው ስለምንድን ነው?»

መቀሱን ዘጉት። የቆረጡትን እሾህ በእግራቸው ወደ አጥሩ ገፉት።

«ይኸን አልመልስልህም፤» አሉኝ።