አይብ የገባበት ብስኩት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጄ ሲኤምሲ ባለው ቤታችን ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ በየደቂቃው በዱቄት በነጣ ጣቷ እየነካካችው ለቁርስ ብስኩት ስትጋግር፣ የሚቀልጥ አይብና የቃሪያ ሽታ በመተላለፊያው አልፎ መኝታ ቤቴ ድረስ መጣ። የሌሊት ልብሴን ሳልቀይር ተነሥቼ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ልጅቷ ርቦኝ የመጣሁ መስሏት ደስ አላት፤ እኔ ግን በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ካደግኩበት ከቦሌው ቤታችን ገብቼ ነበር።

እማዬ የባልትና አስተማሪ ስለነበረች በዚያ ቤት በግምት የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ የውሻችን ፍትፍት እንኳ በሲኒ ተለክቶ ነው የሚቀርብለት። እሁድ እሁድ ፉርኖ ዱቄቱን ከቅቤ ጋር በጣቷ ታሽና ደረቅ አይብ ፈቅፍቃ፣ ቃሪያ ከትፋ ትጨምርበታለች፤ ሊጡን ዳምጣ በሲኒ አፍ እየቆረጠች ትጋግረዋለች። አባቴ ትኩስ ትኩሱን ከሻይ ጋር እየበላ፣ ከሚስቱ የተሻለ ጋጋሪ በከተማው እንደሌለ ዓይኑን ሳያነሣ ለሚያነበው ጋዜጣ ይነግረዋል። ሁለቱም ሰባቱን አጽዋማት አንድም ሳያጎድሉ የሚጾሙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ጾም ሲገባ አይቡና ቅቤው ቀርቶ በዘይትና በጥቁር አዝሙድ ይጋገራል። እኔ የጾሙን ብስኩት አልወደውም ነበር።

አብዮቱ ሲጋጋል አባቴን ከመሥሪያ ቤቱ ወሰዱት። ማየት አይቻልም፣ ደብዳቤ አይቻልም፤ የሚቻለው እሁድ ጠዋት ስሙ የተጻፈበትን የምግብ ዕቃ ለጥበቃዎቹ መስጠትና ከሰዓት ባዶውን መቀበል ብቻ ነበር። ወረቀት ተደብቆ እንዳይገባ ጥበቃዎቹ ዳቦውን ይቆራርሱታል፣ እንጀራውን ይተረትሩታል። እማዬ ይህን ስታይ ሲኒዋን አስቀምጣ ብስኩቱን በሽቶ ጠርሙስ ክዳን መቁረጥ ጀመረች፤ ያን ያህል ትንሽ ብስኩት ውስጥ ማንም ደብዳቤ ስለማይፈልግ ሳይሰበር ይደርስለታል። የብስኩቱ ጣሳ ባዶውን በተመለሰ ቁጥር አባቴ ደህና ነው ማለት ነበር፤ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

እማዬ በሁለተኛው ዓመት በሦስት ቀን ሕመም ሞተችብን። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቀብር በተመለስን ማግሥት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ አይዞህ ባይ በሌለበት ለእስረኛ መርዶ እንደማይነገር፣ እስኪፈታም አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል ወሰኑ። ልታሳድገኝ እኛ ቤት የገባችው አክስቴ አልማዝ ማታውን ወጥ ቤት ጠርታ የእማዬን ሽርጥ አስታጠቀችኝ።

«አባትሽ የእናትሽን እጅ ያውቃል» አለችኝ። «እሷ እንደጋገረችው አድርገሽ ጋግሪ። ከነገርሽ ሁሉ ይቺን ብቻ አደራ።»

ጋገርኩ። የመጀመሪያዎቹን ውሻው ራሱ አሽትቶ ትቷቸዋል፤ ቀስ በቀስ ግን እጄ ገባበት፤ ጣሳውም በየእሁዱ ባዶውን ይመለስ ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያልን ኅዳር ደረሰ። አንድ እሁድ አክስቴ ጣሳውን አድርሳ ከመመለሷ፣ ጎረቤታችን እማማ የሺ ከቅዳሴ ሲመለሱ እኛ ቤት ጎራ አሉ፤ የተረፈውን ብስኩት በሳህን አቀረብኩላቸው። አሸተቱትና ሳህኑን በቀስታ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ የነቢያት ጾም ከገባ እኮ አራት ቀኑ ነው።»

አክስቴ ከሁዳዴ በቀር ጾም የሚባል ነገር አታውቅም ነበር፤ የቤታችንን ጾም የምትቆጥረው እማዬ ነበረች። ያን ዕለት ከሰዓት አክስቴ ጣሳውን ልትቀበል ስትሄድ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁት። እናቴን በእጄ የገደልኳት፣ አባቴንም እዚያ ብቻውን መርዶ ያረዳሁት መስሎኝ ነበር። አክስቴ ከሩቁ ጣሳውን ከፍ አድርጋ ስትነቀንቀው ባዶውን ተንኳኳ። አላወቀም ማለት ነው ብለን ተቃቅፈን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት ጋገርኩለት። የተፈታ ዕለት ወደ አጎቴ ቤት ወሰዱት፤ እናቷስ ሲል ጠበል ሄዳለች አሉት፤ እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ሲነግሩት ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ እሱን ሊይዙት ሲከቡት እሱ መሐላቸውን ሰንጥቆ መጥቶ እኔን ያዘኝ። እስከዚያ ቀን፣ ወሬው እንዳይወጣ ተብሎ፣ ጥቁር እንኳ አልለበስኩም ነበር።

የነገረኝ ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው።

«ጣሳውን ስከፍት አይብ ሸተተኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሣ። «እናትሽ ብትታመም እንኳ አልጋ ላይ ሆና ታዝሻለች እንጂ በጾም አይብ አትልክልኝም። ከጎኔ አንድ ሙስሊም ልጅ ነበር፤ ብላልኝ ብዬ ሰጠሁት።»

«ታዲያ ጣሳውን ለምን ባዶ አደረግኸው?»

«አንቺ እንዳትደነግጪ።»

እኔ እንዳያውቅ ብዬ ስጋግር፣ እሱ ማወቁን እንዳላውቅ ብሎ ጣሳውን እያራገፈ ሲልክ ሁለት ዓመት አለፈ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስንት ቀን እንዳለቀሰ አልጠየቅኩትም። በእማዬ ሞት አብረን ማልቀስ የሚገባን እኔና እሱ ነበርን፤ ያን ጊዜ መልሶ የሚሰጠኝ የለም፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የልጅ ልጄ ብስኩት ጥሩ ነበር፤ ሁለት በላሁላት። አይቡም ዛሬ በየሱቁ ሞልቷል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግን የእማዬን እጅ ከእኔ እጅ ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም።